ስዊቹና የመሪጌታው ሃሌታ

መዝሙርን አራዳ ውስጥ ሲሄድ ያየ ሰው ገና ከእንቅልፉ ያልነቃ ይመስለዋል። ሰላምታ ይመልሳል፤ ለማን እንደመለሰ ግን አያውቅም። ጎረቤቱ ነኝና በዚህ ነገር ብዙ ጊዜ ተቀይሜዋለሁ፤ ኋላ ግን ተውኩት። መስኮት በሌላት ጠባብ ክፍል ውስጥ አረንጓዴ መብራቶች ሲርገበገቡ እያየ የሚውል ሰው ምን ይደረጋል?

ሥራው ኔትወርክ ነው። ከሚሠራበት ሕንፃ ታች ሆቴል፣ ላይ ክሊኒክ አለ፤ የሁሉም ገመድ እሱ ጋ ባለው አንድ ስዊች ያልፋል። ስዊቹ የእያንዳንዱን ስልክና ኮምፒውተር አድራሻ በማኅደረ ትውስታው ይይዛል፤ መልእክቱን ለባለቤቱ የሚያደርሰው ያንን አይቶ ነው። ማኅደሩ ታዲያ እንደ ጎተራ የተከፈለ ነው፤ ግማሹ ለአድራሻ፣ ግማሹ ወደ ሌላ ኔትወርክ ለሚወስዱ መንገዶች። የከተራ ዕለት ሆቴሉ በጥምቀት እንግዳ ሲጥለቀለቅ የአድራሻው በኩል ሞላ፤ የመንገዱ በኩል ባዶውን ተኝቷል። የክሊኒኩ መስመር ይቆራረጥ ጀመር።

ክሊኒኩ ውስጥ እናቱ እትዬ የትነበርሽ ተኝተዋል። አባቱ መሪጌታ ሐብተ ማርያም ደግሞ ያን ቀን ታቦት አጅበው ቀሐ ወንዝ፣ ጥምቀተ ባሕሩ ወርደው ለመጨረሻ ጊዜ የዝማሬውን መክፈቻ ሃሌታ ይመራሉ፤ ድምፃቸው እየከዳቸው ስለሆነ ለተማሪያቸው ሊለቁ ቆርጠዋል። መቀረጽ አይወዱም፤ «ዜማ በሰው እንጂ በዕቃ አያድርም» ባይ ናቸው። እህቱ እፀገነት በስልኳ ለእናቷ በቀጥታ እንድታሳይ ብቻ፣ ያውም በስንት ልመና፣ ፈቀዱ። እትዬ ሦስት ቀን ሙሉ ሌላ ወሬ አልነበራቸውም።

መዝሙር ክፍፍሉን ለወጠው፤ ከአራት እጅ ሦስቱን ለአድራሻ፣ አንዱን ለመንገድ። ለውጡ እንዲሠራ ስዊቹ ጠፍቶ መነሳት አለበት፤ አሥር ደቂቃ ይፈጃል። ጊዜ ነበረው። አጠፋው። ክፍሏ ጸጥ አለች፤ እሱም በጨለማው ውስጥ የሚንሳፈፍ መሰለው።

መዝሙር የዳዊትን መጽሐፍ በቃሉ የያዘ የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ነው። ትእዛዙን ሁሉ በቃሉ ይሠራል፤ ማስታወሻ መያዝ ነውር ይመስለዋል። ስዊቹም እንደሱ አንዴ የሰማውን የማይረሳ መሰለው መሰለኝ፤ ለውጡን ሳያስቀምጥ ነበር ያጠፋው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል። ስዊቹ ሲነሳ ማኅደሩ ባዶ ስለነበር ለጥቂት ጊዜ ደኅና ሠራ። ወዲያው የእንግዳው ስልክ ሁሉ ተመለሰ፤ አሮጌው ክፍፍል ሞላ፤ መስመሩ ተቋረጠ። መዝሙር ያኔ ገባው። እንደገና ለወጠ፣ አስቀመጠ፣ አጠፋ። ሌላ አሥር ደቂቃ። የቀሐ ከበሮ በግድግዳው ውስጥ የሚመጣ እየመሰለው፣ ግንባሩን ብረቱ ላይ አስደግፎ ጠበቀ።

መብራቶቹ ሲነቁ ሃሌታው አልቋል።

ደረጃውን ወጥቶ እናቱ አልጋ አጠገብ ተንበረከከ። እትዬ ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

«እማዬ፣ በኔ ስህተት ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሆኖብኝ ሃሌታውን ሳትሰሚ ቀረሽ» አለና አለቀሰ።

«ምነው ልጄ? ሸጋ አድርጌ ሰምቸዋለሁ።»

«ምኑን ሰማሽው?»

«አባትህ ሊጀምር ሲል ጉሮሮውን ጠረገ፤ ከዚያ ተቋረጠ።» ዓይናቸውን አልገለጡም። «አርባ ዓመት፣ ሌሊት ለኪዳን ጸሎት ሲነሳ፣ የምነቃው በዚያች ጉሮሮ መጥረጉ ነበር። ሃሌታውንማ ሰው ሁሉ ይሰማዋል።»