«ማነህ?» የሚባልበት ቁልፍ

ልጄ አዲሱን የጦርነት ጌም ያማርራል፤ «ጉም ብቻ!» ይላል። ቃሉ በልጅነቴ ወደምጫወትበት የመሐል ሜዳ ከተማ ፕሌስቴሽን ቤት መለሰኝ፤ የጄኔሬተር ጩኸትና የእርጥብ ጋቢ ሽታ ወዳለበት።

የያኔውም ጨዋታ የማይረባ ነበር። ወታደሮቹ እንደ ግንድ ይገተራሉ፤ ትንሽ ራቅ ሲሉ ሁሉም ጉም ነው። «ሠርተው መጨረስ ሲያቅታቸው በጉም ሸፈኑት» ብዬ ተሳለቅሁ።

ከግንባር የተመለሰው አጎቴ ሊወስደኝ መጥቶ ከኋላዬ ቆሞ ነበር። «ጉሙስ ልክ ነው» አለ። «‹ማነህ?› የሚባለው በየትኛው ቁልፍ ነው?»

በአቅራቢያችን ባለው የጓሳ ተራራ ላይ ጉም ሲወርድ መንገደኛ «ማነህ?» ሳይባባል አይተላለፍም።

«የለውም፤ መተኮሻ ብቻ ነው ያለው» አልኩት።

«እኔም አልጠየቅሁም» አለ ቀስ ብሎ። «ሰውየው ከወደቀ በኋላ በስሜ ጠራኝ።»

ስለ ጨዋታው የሚያወራ መስሎኝ ነበር።

አሁን ከስክሪኑ ጉም ውስጥ አንድ ሰው ብቅ አለ። «‹ማነህ?› በለው!» ብዬ ጮህኩ።

ልጄ ተኩሷል።