የግራ ክንፉ ተጫዋች ስም በአርባ ደቂቃ ተገኘ

ጋሽ አስናቀ አረፉ ስትለኝ «የቱ አስናቀ?» አልኳት። የገዛ ልጃቸውን፣ ሄለንን ነው እንዲህ ያልኳት። ሌላ አስናቀ የማውቅ ይመስል። ማክሰኞ እኮ ሊፍት ውስጥ አብረን ወርደን፣ በዚህ ብርድ ጃኬትሽን ክፍት አድርገሽ ብለው ተቆጥተውኝ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ልባቸው ቆመ።

ሐዘኔን ልጽፍ ነበር የተቀመጥኩት። ንዴቴ ቀደመኝ። እንደመጣልኝ ልንገራችሁ።

ለማታውቋቸው፣ ጋሽ አስናቀ እዚህ በስደት፣ ፍሌሚንግደን ፓርክ በሚባለው ሰፈር፣ እኛ ሕንፃ ላይ ነበር የሚኖሩት፣ ከኔ ሁለት ፎቅ ከፍ ብለው። በወጣትነታቸው፣ በደርግ ጊዜ፣ ለትምህርት ፖላንድ ሄዱ። ከዩኒቨርሲቲያቸው ብዙ ሳይርቅ አንዲት የስኳር ፋብሪካ ከተማ ነበረች፤ የፋብሪካው ሠራተኞች ያቋቋሙት ትንሽ የእግር ኳስ ክለብ ነበራት። እዚያ አራት ዓመት በግራ ክንፍ ተጫወቱ።

ተጫዋቾቹ ከሥራ በቀጥታ በቱታቸው ነበር ልምምድ የሚመጡት። በረኛው የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ እሁድ እሁድ እናቱ ቤት ወስዶ ሾርባ ያበላቸው ነበር። አንድ ዓመት፣ በመጨረሻው ጨዋታ፣ ጭቃ ላይ፣ ጋሽ አስናቀ ከግራ ያሻሙትን ኳስ አምበሉ በግንባሩ አስቆጠረና ክለቡ ወደ ላይኛው ዲቪዚዮን አለፈ።

እንዴት ነዎት ስትሏቸው «አለሁ፣ ገና አልተቀየርኩም» ነበር መልሳቸው። ሁልጊዜ።

የዛሬ ሁለት ዓመት ክለቡ ታሪኩን ዌብሳይቱ ላይ አወጣ። ታብሌታቸውን ይዘው እኔ ቤት መጡ። ፖላንድኛውን እያነበቡ በአማርኛ ይነግሩኝ ጀመር። ፋብሪካው እንዴት እንደተከፈተ፣ በጦርነቱ ሜዳው እንዴት እንደታረሰ፣ ከጦርነቱ በኋላ ሰዎቹ የጎል ቋሚውን ከፈረሰ ጣሪያ እንጨት እንደሠሩት። እያነበቡ ይስቁ ነበር።

ከዚያ ወደ ላይኛው ዲቪዚዮን ያለፉበት ዓመት የቡድን ፎቶ መጣ። ከሥሩ የአሥሩ ተጫዋች ስም ተጽፏል። የአሰልጣኙም አለ። ሣር የሚያጭደው ሰውዬ ስም እንኳ አለ። ከግራ መጀመሪያ ተንበርክከው ፈገግ ያሉት እሳቸው ናቸው፤ እሳቸው ጋ ሲደርስ «አፍሪካዊ ተማሪ» ይላል።

 ቀስ ብለው፣ «ስም እኮ አለኝ» አሉ።

ስማቸው እንዲጻፍ ለክለቡ ኢሜይል አብረን ጻፍን፤ እሳቸው ይሉኛል፣ እኔ ታይፕ አደርጋለሁ። መልሱ በጣም ትሑት ነበር። በመዝገባችን ስለሌሉ ኮሚቴው ማጣራት አለበት አሉን። ማሊያቸውን ለብሰው የተነሱትን ፎቶ ላክን። በረኛው ከመሞቱ በፊት የጻፈላቸውን ደብዳቤ ስካን አድርገን ላክን። ከዚያ ዝም። ከዚያ በኋላ አምስት ኢሜይል ልከናል። አምስት። አንዱም አልተመለሰም።

የኛስ ሰው? ባለፈው በጋ ስካርቦሮ ፓርክ ለባርቤኪው ተሰብስበን፣ ይህንኑ ጉዳይ ሲያወሩ አንዱ ምን አላቸው፣ «ፖላንድ የተጫወቱት ካርታ ነው ኳስ?» ሰው ሁሉ ሳቀ። ጋሽ አስናቀም አብረው ሳቁ። መኪና ውስጥ ግን እስከ ቤት ድረስ ያንን የቡድን ፎቶ በስልካቸው ከፍተው ሲያዩ ነበር። ያንን የተናገርከው ሰውዬ፣ ዛሬ ፎቷቸውን ከሻማ ጋር ለጥፈህ «ኩራታችን» ብለሃል። አይቼዋለሁ።

ዛሬ ሄለን ስልኩን ከዘጋች በኋላ የክለቡ ገጽ ላይ ገባሁ። ፎቶው ሥር በእንግሊዝኛ እንዲህ ብቻ ጻፍኩ፦ «ይህ ሰው ስሙ አስናቀ ነው። ዛሬ ሞተ።»

በአርባ ደቂቃ ውስጥ አስተካከሉት። ሁለት ዓመት ኮሚቴ ሲጠብቅ የነበረው ነገር በአርባ ደቂቃ። «ልባችን ተሰብሯል፣ የክለባችን ባለውለታ ነበሩ፣ ሌላ ፎቶ ካላችሁ ላኩልን» የሚል መልእክትም አስከተሉ።

አሁን ፎቶው ሥር «አስናቀ ወልደየስ፣ የግራ ክንፍ» ይላል።

ሳየው መጀመሪያ አለቀስኩ። ቆይቼ ግን ደነገጥኩ። እኔ እኮ አስናቀ ብቻ ነው የጻፍኩት። ወልደየስን ማን ነገራቸው? ሄለንን ጠየቅኳት፣ ምንም አልጻፈችም። ደግሞ በላቲን ፊደል ያለው አጻጻፉ ፖላንዶች ማንበብ እንዲችሉ ብለው እሳቸው ራሳቸው የፈጠሩት ነው፤ ፓስፖርታቸው ላይ እንኳ እንደዚያ አልተጻፈም። እንደዚያ ጽፈውት የሚያውቁት መልስ ባላገኙት አምስት ኢሜይሎች መጨረሻ፣ ፊርማቸው ላይ ብቻ ነው።

ደርሷቸዋል ማለት ነው። አንብበውታል። አስቀምጠውታል። ሰውየው በሕይወት እያሉ ይህቺን አንዲት መስመር መጻፍ ምን ያህል ከበዳቸው?

ፎቶ ላኩልን ላላችሁት፣ አልክም። የላክንላችሁ አለ፣ እሱን ፈልጉ።

ጋሽ አስናቀ፣ አንድ ነገር ሳልነግርዎ አልቀርም። መጀመሪያ የተዋወቅን ቀን ፖላንድ ተጫውቻለሁ ሲሉኝ፣ እኔም እቤቴ ገብቼ ጎግል አድርጌዎታለሁ። አላገኘሁዎትም። ለወራት ሲያወሩልኝ እሺ እሺ እያልኩ፣ በልቤ አላመንኩዎትም ነበር። ያመንኩት፣ ገና ክለቡ ታሪኩን ሳያወጣ፣ በረኛው የጻፈውን ደብዳቤ ሲያሳዩኝ ነው። እርስዎ ለኔ ማስረጃ ማሳየት አልነበረብዎትም።

ይቅር ይበሉኝ። ደህና ይሁኑ፣ አስናቀ ወልደየስ።