በአሰብ የሰበክሁባት አንዲት እሑድ

ከደሴ የተነሣሁት በዐቢይ ጾም አጋማሽ ላይ ነው። በአሰብ ያሉ ምእመናን ሁለት እሑድ መጥተህ ስበክልን ብለው ጠርተውኝ ነበር፤ የመጀመሪያው መጻጉዕ፣ ሁለተኛው ደብረ ዘይት። እውነቱን ለመናገር ልቤ በሁለተኛው ላይ ነበር። ስለ ጌታ ዳግም ምጽአት የሚሰበክበት ቀን ነውና ከገና ጀምሬ ስዘጋጅ፣ ባለቤቴ እስኪሰለቻት ጮክ ብዬ ስለማመድ ከረምሁ። የመጻጉዕን ታሪክ ግን ልጅ አዋቂው ያውቀዋል ብዬ ብዙም አልደከምሁበትም።

የተሳፈርሁት ቡና ጭኖ ወደ ወደቡ በሚወርድ ካሚዮን ጋቢና ውስጥ ነው። ሾፌሩ ጋሽ ተሰማ ወሬ አያበዛም። ከባቲ ወዲያ ሙቀቱ እየባሰ ሄደ፤ ሰርዶ ስንደርስ ነፋሱ ራሱ ከምድጃ የወጣ ይመስል ነበር። እኔ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃም አልቀምስም ብዬ ግግም አልሁ። ጋሽ ተሰማ ኮዳውን አሳየኝና፣

«መምህር፣ እዚህ ከታመሙብኝ የሚሰብኩት ለእኔ ብቻ ነው» አለኝ።

አልጠጣሁም። ግትር ነህ ይሉኛል፤ ነኝ።

አሰብ፣ ቅዳሜ

ከተማዋ የባሕርና የናፍጣ ሽታ አላት። የተቀበሉኝ ቄስ አየለ፣ ምሳ ሽሮ ካበሉኝ በኋላ፣ አንድ በሽተኛ እንጠይቅ ብለው ከወደቡ ጀርባ ወዳሉት የቆርቆሮ ቤቶች ወሰዱኝ።

በሽተኛው ወልዴ ይባላል፤ የወደብ ጫኝና አውራጅ ነው። ከመርከብ የሚወርድ ጭነት ወድቆበት የጭኑ አጥንት ተሰብሯል። በገመድ አልጋ ላይ ተኝቶ፣ ራስጌው ያለው ሣጥን በስኳርና በብርቱካን ተሞልቷል። አባቱ ጎንደሬ፣ እናቱ የወሎ ሰው፣ ያደገው ሸዋ ነው። በአሰብ ደግሞ ሰው ሁሉ እድር የሚገባው በየአገሩ ልጅነት ስለሆነ፣ ሦስቱም እድሮች የኛ ነው ብለው መጥተው ጠይቀውታል፤ ገንዘብም አዋጥተውለታል። ሐኪሙ ቶሎ ደሴ ሄዶ ቀዶ ሕክምና ካልተደረገለት አይራመድም ብሏል። ያለ አስታማሚ ግን መሄድ አይችልም። በወደቡ ደግሞ ከሥራው የቀረ ሰው የጭነት ተራውን ያጣል፤ ስለዚህ እያንዳንዱ እድር አስታማሚውን ሌላው ይሰጣል ብሎ ተቀምጧል።

«ሁሉም ጠየቁኝ፣ እግዜር ይስጣቸው» አለ ወልዴ። «ገንዘቡም ሞልቷል፣ መምህር። አብሮኝ የሚሄድ ሰው ነው የሌለኝ።»

ደነገጥሁ። በማግስቱ ታሪኩን የምሰብከው መጻጉዕ፣ በመጠመቂያው ዳር ተኝቶ ለጌታ የነገረው ይህንኑ ነው፤ ወደ ውሃው የሚያወርደኝ ሰው የለኝም ብሎ። ማታ ብዙም እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ታሪኩን ተናገርሁና መጻጉዕ ከወደባችሁ ጀርባ ተኝቷል አልኋቸው። ማን አብሮት ይሄዳል ብዬ ጠየቅሁ። ሦስቱ የእድር ዳኞች እርስ በርስ ተያዩ። ክፉዎች ሆነው አይደለም፤ አንዱ የትምህርት ቤት አስተማሪ ነው፣ ተማሪዎች አሉበት፤ የወደብ ሠራተኛው ተራ አለበት። የሚነሣ ሰው ሳጣ፣ ነገ እኔ ይዤው እሄዳለሁ አልሁ።

ያስጠሩኝ የሰበካው ሊቀመንበር ደጅ ላይ ያዙኝ።

«ለደብረ ዘይት እኮ ከጥዖ ድረስ የሚመጡ ሰዎች አሉ። እነሱን ምን እንበላቸው?»

«ሰባኪው በሽተኛ ይዞ ሄደ በሏቸው።»

አፌ እንዲህ አለ እንጂ ያችን እሑድ በጣም እፈልጋት ነበር። ነገር ግን ጌታ ሲመጣ ስለ ታመሙት እንደሚጠይቀን፣ ያን ሁሉ ወራት ስለማመደው በከረምሁት ስብከት ውስጥ እኔው ራሴ አስገብቼዋለሁ። ይህን እያወቅሁ ቀርቼ ብሰብከው ድምፄ እንደማይወጣ ተረዳሁ።

መመለሻ

ጋሽ ተሰማ ጨርቃ ጨርቅ ጭኖ ነበር። በጭነቱ ላይ ፍራሽ አነጠፍን፤ ከላይ ሸራ ወጠርን። ወልዴን በበር ሳንቃ ላይ አስተኝተው ያነሡት ከሦስቱም እድር የመጡ ሰዎች ናቸው፤ እስከዚያ ቀን አብረው መጥተውለት አያውቁም ነበር። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ መንገዱ በታጠፈ ቁጥር በሁለት እጄ እደግፈዋለሁ። ሲያመው ከንፈሩን ይነክሳል እንጂ አይጮህም።

ከኤሊዳር በኋላ ጋሽ ተሰማ ቆሞ ኮዳውን አቀበለን። ወልዴ መምህር ካልጠጡ እኔም አልጠጣም አለ። በሽተኛ ጾም እንደሌለበት ባስረዳውም ፊቱን ወደ ጭነቱ አዞረ፤ ለካ ከእኔ የባሰ ግትር ኖሯል። ፀሐዩ ገና አናት ላይ ነበር። ኮዳውን ተቀብዬ ጠጣሁ፤ እሱም ጠጣ። ጋሽ ተሰማ በዚያ መንገድ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ደሴ

ቤቴን አልፈን በቀጥታ ሆስፒታል ሄድን። ወሬው ደርሷት ባለቤቴ አጥሚት በፔርሙዝ ይዛ ስትደርስ እኛም ገና በር ላይ ነበርን። ሳምንት ቀድሜ ለምን እንደመጣሁ አልጠየቀችኝም፤ ወልዴን ቀና አድርጋ ማጠጣት ጀመረች።

ነርሷ ወጥታ፣ «አስታማሚ አለህ?» አለችው።

እኔ ልመልስ አፌን ስከፍት ወልዴ ቀደመኝ።

«አለኝ» አለ፤ «ሰው አለኝ።»

ከዚያ ወዲህ መጻጉዕ በመጣ ቁጥር እሰብካለሁ። የምዘጋጀው ግን ሳምንቱን የታመመ በመጠየቅ ነው።