በሁዳዴ ያነሳኋት የእንቁላል ኬክ

በስደት በምንኖርበት ከተማ፣ የቻይኖቹ ዳቦ ቤት ከትራሙ ፌርማታ ፊት ለፊት ነው። ልጄ ትንሽ ሳለች ጀምሮ እንሄዳለን። እውነቱን ለመናገር ርካሽ ስለሆነ ነው የጀመርነው። ሌላ ቤት አንድ ኬክ በሚገዛ ገንዘብ እዚያ ትሪ ሙሉ ይዘን እንወጣ ነበር። ደግሞ ብዙ መናገር የለም። ትሪ ማንሳት፣ በብረት መቆንጠጫ የወደዱትን መልቀም፣ ከፍሎ መቀመጥ ነው። ፊደል ከመቁጠር እምብዛም ላላለፍኩት ለኔ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

አንድ ጊዜ ጣፋጭ መስሎን የገመጥነው ዳቦ ውስጡ የአሳማ ሥጋ ሆኖ ተገኘ። እኔ ውጭ ወጥቼ ተፋሁ፤ ልጄ በሳቅ ሞተች። ከዚያ ወዲህ ሳላስጠይቅ አልነካም። ለጾም የምንበላው ሰሊጥ የለበሰውን፣ በዘይት የሚጠበሰውን ድቡልቡል ነው። ውስጡ ቀይ ባቄላ በስኳር ተፈጭቶ አለበት። መጀመሪያ ስቀምሰው ሽሮ ላይ በስህተት ስኳር የጨመሩበት ነው የመሰለኝ። አሁን ግን ትኩሱን ካገኘሁ ሁለት ሳልበላ አልነሳም።

ዘንድሮ ከገና በኋላ ልጄ አንገቷ ላይ ሽምብራ የምታክል እብጠት ወጣባት። ቆይታ ተለቅ አለች። ሐኪም ቤት ከእብጠቷ ውስጥ በመርፌ ለምርመራ ወሰዱላት። ሐኪሟ ጋ ስንሄድ "አዋቂ ነኝ እኮ" ብላ ብቻዋን ገባች፤ እኔ ውጭ ወንበር ላይ ቀረሁ። ወጥታ "ውጤቱን ሊነግሩኝ ዓርብ ከሰዓት ይደውላሉ" አለችኝ። ሌላ ምን እንዳሏት አላውቅም። እኔን ላለማስደንገጥ ነገር ትደብቃለች፤ ይሄን አመሏን አውቃለሁ።

ያኔ ሁዳዴ ገብቶ ነበር። የንስሐ አባታችን የታመመ ሰው አይጾምም ብለው ነገሯት። "ታማሚ ነሽ ካሉኝ እበላለሁ አባ፣ ካላሉኝ ግን እጾማለሁ" አለቻቸው። በጾም ጉዳይ ቀልድ አታውቅም፤ ከኔ ትብሳለች።

እኔ ሐኪም ቤት ከሄድንበት ቀን ጀምሮ አላለቀስኩም። ሰውነቴ የሌላ ሰው የሆነ ያህል ነበር። ሥራ እሄዳለሁ፣ ቢሮ አጸዳለሁ፣ ወጥ እሠራለሁ፤ ጨው ጨምሬ እንደሆነ ግን አላስታውስም።

ዓርብ ዘጠኝ ሰዓት ሲያልፍ ስልኳን ጠረጴዛ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች፤ እኔ ፊት ለፊቷ።

"እማ፣ ስላፈጠጥሽበት አይጮህም። ተነሺ፣ ቻይኖቹ ጋ እንሂድ።"

ሄድን። እሷ የሰሊጡን ስትለቅም እኔ በሌላው ትሪ መሃሏ ቢጫ የሆነችውን፣ እንቁላልና ወተት ያለባትን ትንሽ ኬክ አነሳሁ። ለምን እንዳነሳኋት አላውቅም። እጄ ነው ያነሳት።

"ምንድነው ይሄ?"

"ያንቺ ነው። ብዪው።"

"ሁዳዴ ነው እኮ።"

"ለጉልበትሽ ብዬ ነው፣ የኔ እናት።"

"ገና ሳይደውሉ አንቺ በሽተኛ አደረግሽኝ?"

ደንግጬ ኬኳን ልመልስ ስል የዳቦ ቤቱ ባለቤት ቻይናዊቷ ከወዲያ ማዶ "ኖ፣ ኖ! ኖ ባክ!" ብላ ጮኸችብኝ። ከፈልንና መስኮቱ ሥር ተቀመጥን። ኬኳ መሃላችን ተቀመጠች።

ስልኩ ጮኸ። ልጄ "የስ" አለች። አዳመጠች። "ኦኬ" አለች። ፊቷ ላይ ምንም የሚነበብ ነገር የለም። አመስግና ዘጋችው።

"ደህና ነው። ክፉ ነገር አይደለም አሉ። ቆይተው አንዴ ያዩታል፣ በቃ።"

"እውነቱን ንገሪኝ።"

"እየነገርኩሽ ነው።"

"እኔን ለማጽናናት ብለሽ እንዳይሆን።"

የኬኳን ሳህን በጣቷ ገፍታ ወደ እኔ አስጠጋችው። ከዚያ የሰሊጡን አንስታ ገመጠች፤ ሰሊጡ አገጯ ላይ ተበተነ። እያላመጠች ዓይን ዓይኔን ታየኛለች።

"አሁን ገባሽ?"

ገባኝ። ታማሚ ብትሆን ኬኳን በበላች ነበር።

ደስታው ይመጣል ብዬ ጠበቅሁ። አልመጣም። ከሰሊጡ የድርሻዬን ገመጥኩ፤ ትኩስ መሆኑን ብቻ ነው ያወቅሁት። ኬኳን ለጎረቤቴ ልጆች ብዬ በወረቀት ጠቀለልኳት።

ትራም ውስጥ ኬኳን ጭኔ ላይ ይዤ፣ "ምን ነበር ያሉሽ?" አልኳት እንደገና።

"ኦ ማይ ጋድ፣ እማ! ውስጡን በደንብ አይተውታል። የአሳማ ሥጋ የለበትም አሉ።"

ሰው ሁሉ ዞሮ እስኪያያት ድረስ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። አገጯ ላይ የቀረችውን ሰሊጥ በአውራ ጣቴ ጠረግሁላት፤ እጄን ስመልስ አንገቷን ነካሁት፤ እሷም አንገቷን አላሸሸችም።