አራቱ ትርፍ መስመሮች

ልጅ እያለሁ፣ እስራኤል ውስጥ፣ ክፋር ብራንዳይስ በሚባል ሰፈር በነበረው ሕንፃችን የአዋቂዎቹ ጸሐፊ እኔ ነበርኩ። ገና አሥራ አንድ ዓመቴ ቢሆንም ከኢሚግሬሽን ቢሮ ደብዳቤ የመጣለት ሁሉ በራችንን ያንኳኳል። በአማርኛ አንብቤ እነግራለሁ፤ መልሱን በዕብራይስጥ እጽፋለሁ። ደረቴን ነፍቼ እሄድ የነበረው በዚሁ ነው።

ከላያችን የሚኖሩት እትዬ ትርንጎ ዋና ደንበኛዬ ነበሩ። ጎንደር የቀረው ወንድማቸው ሚስትና ልጅ እያለው "ላጤ ነው ብለሽ ጻፊ" ብለውኝ ጽፌያለሁ፤ ወደ እስራኤል የመግባት ፈቃድ ለላጤ ይቀላል ይባል ነበር። ምስጢር መጠበቅ የሥራው ወግ ነበር።

እኒሁ ሴትዮ ከእናቴ ጋር በልብስ ማስጫ ገመድ ተጣሉ። ጠቡ ቢሮ ድረስ ሄደ። እናቴ ከኢትዮጵያ እስክትመጣ ዓመታት ስትጠብቃት የኖረችውን አክስቴን ጥሩዓለምን "እህቷ አይደለችም፤ ባዳ ናት" ብለው መሰከሩባት። የአክስቴ ፋይል ተዘጋ።

እናቴ ያን ቀን ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ቅዳሜ ግን እንደ ልማዷ ይዛኝ ወደ ጸሎት ሄደች። ማኅበራችን የሚጸልየው ኢንዱስትሪ ዞን ውስጥ፣ ከአንድ አናጺ ቤት በላይ በተከራየው አዳራሽ ነበር፤ ጸሎትና የእንጨት ፍቅፋቂ ሽታ እስከ ዛሬ አይለያዩብኝም። ተንበርክካ "ጌታ ሆይ፣ አንተ ፍረድ" ብቻ አለች። እኔ ግን ፍርዱ በሚቀጥለው አውቶቡስ እንዲመጣ ነበር የፈለግኩት።

በማግስቱ ይግባኝ አስጻፈችኝ። ያለችውን ጽፌ ስጨርስ ከራሴ አራት መስመር ጨመርኩ፤ የእትዬ ትርንጎን ወንድም ሚስትና ልጅ ከነስማቸው።

"በይ ሚክታቡን አንብቢልኝ" አለችኝ፤ ደብዳቤን በዕብራይስጥ ስሙ ነበር የምትጠራው። ትርፉን ዘልዬ አነበብኩ። እናቴ ፊደሉን ባታውቅም ዓይኗ ጣቴን ይከተል ነበር። ጣቴ የቆመበትን አየችና የራሷን ጣት ከሥሩ፣ ባልተነበበው ላይ አሳረፈች።

"እዚህስ ምን ይላል?"

ነገርኳት። "እማ፣ እሳቸው መዋሸታቸው ከታወቀ እኮ ምስክርነታቸው ይወድቃል። አክስቴ ትመጣለች" አልኩ።

ወረቀቱን ከፊቴ አነሳች። እህቷን እንደምትናፍቅ አውቃለሁ።

"ያ ሕፃን ምን በደለኝ?" አለች በመጨረሻ። "ነገሬን ለእግዜር ሰጥቻለሁ። የሰጡትን መልሶ መቀማት ነውር ነው። እሱ ይዘገያል እንጂ የሚቀድመው የለም። እንደገና ጻፊው።"

እያለቀስኩ ጻፍኩት።

ዝናቡ ሲገባ እትዬ ትርንጎ ደብዳቤ ይዘው በራችን ላይ ቆሙ። እናቴ ወንበር ሰጥታ "አንብቢላቸው" አለችኝ። የወንድማቸው ፋይል እንደተከፈተ ነው ይላል። ሴትዮዋ አቀረቀሩ።

"ወራት ሙሉ ትናገራላችሁ ብዬ ስፈራ ነበር" አሉ። "ዝም አላችሁ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ልጄ፣ ወረቀት አምጪ። ጥሩዓለም የእናትሽ እህት ናት ብለሽ ጻፊ። አብረን ውኃ ቀድተናል። የዋሸሁት እኔ ነኝ በይ።"

አክስቴ በሁለተኛው ዓመት መጣች።

ዛሬ ሰው ሲበድለኝ ስልኬን አንስቼ ንዴቴን ለዓለም ለመበተን አንድ ደቂቃ አይፈጅብኝም። አንዳንዴ እጽፋለሁም፤ ግን ሳልልከው አጠፋዋለሁ። ያኔ ፍርድ ማለት እትዬ ትርንጎ ሲዋረዱ ማየት ይመስለኝ ነበር። እግዜር ግን እውነቱን በገዛ አፋቸው አስነገራቸው፤ ሊወጋቸው የተሰናዳውን የእኔን እጅም የዚያ እውነት ጸሐፊ አደረገው።