ኮሎኔል ነገ

በጄት አብራሪው ኮሎኔል ቤት ውስጥ ያለቀ ነገር አልነበረም። መደርደሪያው ግማሹ ቀለም ተቀብቶ ግማሹ ጥሬ እንጨት ነው። የወጥ ቤቱ መስኮት አንድ ማጠፊያ ይጎድለዋል። የትልቋ ልጅ ብስክሌት ፔዳል ሳይገባላት ልጅቷ አድጋ ዩኒቨርሲቲ ገባች። "መቼ ነው የሚያልቀው?" ሲሉት መልሱ አንድ ነው፦ "ነገ።" የመኮንኖች መኖሪያ ግቢ ጎረቤቶችም ስም ለማውጣት አልተቸገሩም፤ "ኮሎኔል ነገ" አሉት።

"ሰማይ ላይ ከድምፅ የሚቀድም ሰው፣ ምድር ላይ አንዲት ብሎን ዓመት ትፈጅበታለች" እያለች ሚስቱ ታማዋለች። እሱም እየሰማ ይስቃል።

ነገሩ የገባት በትልቋ ልጅ ምርቃት ቀን ነው። ለኮሎኔሉ ከበረራ በፊት የመቀመጫ ቀበቶውን የሚያስርለት ሽማግሌ ቴክኒሻን፣ ስትማረር ሰምቶ ጠጋ አለ።

"እትዬ፣ እውነት ስንፍና መስሎዎት ነው እንዴ?"

ኮሎኔሉ ገና ሠልጣኝ ሳለ አንድ ክፍል የሚጋራው ጓደኛ ነበረው። ያ ጓደኛ አንድ ጠዋት አልጋውን አንጥፎ፣ ጫማውን ወልውሎ፣ የተዋሰውን ሁሉ መልሶ በረረ። በዚያው ቀረ። ያን የተነጠፈ አልጋ ሲያይ የዋለው ሠልጣኝ፣ ከዚያ ወዲህ አንድ ሥራ ሳያንጠለጥል ለበረራ ወጥቶ አያውቅም።

"የሚመልሳቸው ያልጨረሱት ሥራ ነው" አላት ቴክኒሻኑ። "እኔም ቀበቷቸውን ሳስር 'ዛሬስ ምን ጥለው መጡ?' እላቸዋለሁ።"

ቤት ስትገባ ግማሹን መደርደሪያ በመዳፏ ዳሰሰችው። ጦርነት ነበረ። ጭጋግ ነበረ። ሞተር አየር ላይ የጠፋበት ቀን ነበረ። ቤቷ ውስጥ ያለው ጎዶሎ ሁሉ የአንድ ቀን መመለስ ነው። ከዚያ ወዲያ "ጨርስ" የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም።

የጡረታው ሳምንት ሲመጣ ኮሎኔሉ በቤቱ ሥራ ተጠመደ። መደርደሪያው ተቀባ፣ መስኮቱ ማጠፊያ አገኘ፣ ብስክሌቷ እንኳ ፔዳሏ ገባላት። በስንብት በረራው ጠዋት የበረራ ልብሱን እንደለበሰ የመኝታ ቤቱን በር እጀታ የመጨረሻ ብሎን አጠበቀ።

"በቃ! ውዝፍ ሥራ ይዤ ጡረታ አልወጣም።"

"ለዛሬስ ምን ተውክ?" አለችው።

"ዛሬማ ለእንግዶች መታየት ነው እንጂ በረራ ነው እንዴ?" ጉንጯን ሳማትና ሄደ።

ቤቱን ዞራ አየችው። ሁሉም ሙሉ ነው። ያ የተነጠፈ አልጋ ፊቷ ድቅን አለ። ካቻቢቴውን አነሳችና የበሩን እጀታ ብሎን ፈታች። ቀሚሷ ኪስ ውስጥ ከተተቻት።

አየር ኃይሉ ሜዳ ላይ፣ ጄቱ ሰማዩን ቀዶ ሲያልፍ እንግዶቹ አጨበጨቡ። ሊያርፍ ሲመጣ ግን ቴክኒሻኑ ከመቀመጫው ብድግ አለ። የኋላ ጎማዎቹ ወርደዋል፤ የፊተኛው የለም።

ጄቱ ተመልሶ ወደ ላይ ወጣ። ሲያርፍ እሳት እንዳይነሳ ነዳጁን ለመጨረስ ዞረ፣ ደግሞ ዞረ።

"እማዬ፣ አባዬ ለምን አይወርድም?" አለ ትንሹ ልጃቸው።

"ጎማው እንቢ ብሎት ነው።"

"እንቢ እንዳለ ቢቀርስ?"

"ቤት ያልጨረሰው ሥራ አለ" አለችው። "ይመጣል።" ብሎኗን መዳፏን እስክትወጋት ጨበጠቻት።

በመጨረሻ መጣ። የኋላ ጎማዎቹ መሬት ነኩ፤ አፍንጫው ግን ቀና እንዳለ ነው። ያ ሁሉ ብረት፣ ያ ሁሉ ፍጥነት፣ በአንድ ሰው እጅ ላይ ተንጠልጥሎ ነጎደ። ልጆቹ ሶፋ ላይ እንቅልፍ ሲጥላቸው፣ እንዳይነቁ ትንፋሹን ውጦ አልጋቸው ላይ ሲያወርዳቸው ስንቴ አይታዋለች! የጄቱንም አፍንጫ ልክ እንደዚያ አወረደው። ብረቱ አስፋልቱን ሲነካ የእሳት ፍንጣሪ ተረጨ፣ ጥቂት ተንሸራተተ፣ ቆመ። ቴክኒሻኑ ቆቡን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘ።

ማታ ኮሎኔሉ መኝታ ቤት ሊገባ ሲል የበሩ እጀታ ተነቅሎ እጁ ላይ ቀረ።

"ይሄን ጠዋት ጨርሼው አልነበር?"

"መች ጨረስክ!" አለችና ብሎኗን መዳፉ ላይ አኖረችለት።

ብሎኗን አያት። ሚስቱን አያት። ከዚያ ብሎኗን ቀስ ብሎ ኪሱ ከተታት።

"ነገ" አለ።