በዘይት ቆርቆሮ ያደገች ሎሚ

ደብረ ብርሃን፣ በኮንዶሚኒየም ቤቴ በረንዳ ላይ፣ በቀለም ባልዲ የተከልኳት አንዲት ሎሚ አለችኝ። ዛሬ አመሻሽ ላይ ቅጠሏን በጣቶቼ አሸት አሸት አድርጌ ወደ አፍንጫዬ ሳስጠጋ አባቴ ትዝ አለኝ።

እናቴ ስታገባ ከአልዩ አምባ ቆላ የሎሚ ችግኝ ይዛ መጥታ በዘይት ቆርቆሮ ተከለችው። ደብረ ብርሃን ደግሞ የሎሚ አገር አይደለም። ጥቅምት ከገባ ውርጩ ጎመኑን እንኳ አቃጥሎ ያድራል። ስለዚህ እናቴ ሎሚዋን ጠዋት ፀሐይ ላይ ታወጣት፣ ማታ ቤት ታስገባት ነበር። እሷ ካረፈች በኋላ ሥራው የአባቴ ሆነ።

አንድ ምሽት ከሥራ መጥቶ ካፖርቱን ሳያወልቅ ደጅ ላይ ጎንበስ ሲል አየሁት። ቆርቆሮውን በሁለት እጁ አቀፈና፣ «በይ እንግባ፣ መሽቷል» አላት።

«አባዬ፣ አፍርታ እንኳ አታውቅም። ምን ያለፋሃል?» አልኩት።

ይዟት ገባ። እናቴ ትተኛበት በነበረው በኩል፣ ከአልጋው ራስጌ አስቀመጣትና የቅጠሎቿን አቧራ በመዳፉ ጠረገ። ቤቱ ሎሚ ሎሚ ሸተተ።

«ሎሚማ ገበያ ሞልቷል፣ ልጄ» አለኝ።

የእኔዋም እስካሁን አላፈራችም። ንፋሱ በረታ፤ ባልዲውን አነሳሁና «በይ እንግባ» አልኳት። ዛሬ ቀኑን ሙሉ ከአፌ የወጣው ቃል ይኸው ብቻ ነው።